ግብሩን የከፈለ

«አክሲዮኑ የኔ ነው። ግብሩን የከፈልሁ እኔ ነኝ፤ ደረሰኙም ይኸው» አለ ቢሆነኝ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች። ሠርካለም ከመጋረጃው ወዲህ ተንበርክካ ጠላ እየቀዳች ነበር። ጣሳው ሞልቶ በእጇ ላይ ሲፈስ አላወቀችም። ቢሆነኝ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ አክሲዮኑ ግን የእሷ ነው። በወር ሰማንያ ብር በምትከራያት አንዲት ክፍል፣ በገዛ ጠላዋ፣ የገዛ ንብረቷ ለወንድሟ ልጅ ጎጆ መውጫ ሲሰጥ በጆሮዋ ሰማች። ጣሳውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ወዲያው ደግሞ መልሳ አነሳችው፤ ባዶ እጇን መግባት አትችልማ።

«ባለፈው ጥር በሬ ነበር ያልኸን» አሉ አባ ደጅይጥኑ። የሙሽሪት አያት ናቸው። ከደሃና በእግራቸው ተጉዘው የመጡት የልጅ ልጃቸው ለቢሆነኝ ልጅ ለምሳው ከመዳሯ በፊት ቃሉን ራሳቸው ለመስማት ነው። የቢሆነኝ አገር ሰቆጣ ዙሪያ ከገደሉ ወዲያ ስለሆነና ለሽማግሌ ጉልበት ስለማይመች፣ ቃል ማሰሪያው ከተማ ባለችው እህቱ ቤት ይሁን ተብሎ ነበር። ሠርካለም በዚህ ደስ ብሏት ለዕለቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ ወንበር ከጎረቤት ለምና፣ ግድግዳው ላይ አዲስ ጋዜጣ ለጥፋ ነው የተቀበለቻቸው። «አሁን ደግሞ አክሲዮን ትላለህ። እሱ ያርሳል?»

«በሬ ያረጃል አባ። ይኸ አያረጅም፤ በያመቱ ትርፍ ይሰጣል» አለ ቢሆነኝ። ድምፁ ከወትሮው ቀጥኖ ነበር። እሷ ግን ያን አላስተዋለችም፤ ጆሮዋ ሌላውን ቃል ይዞ ቀርቷል።

ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸው ቄስ ገብረ አማኑኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግብር የከፈለ ባለርስት ነው። ይኸ ያባቶቻችን ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም» አሉ። ነገሩ ያልገባው ካለ፣ በዚያ አገር ሁለት ሰዎች በአንድ ማሳ ሲካሰሱ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን አረሰው ብሎ አይደለም፤ ግብሩ በማን እጅ ገባ ብሎ ነው። አርሶ ያልገበረ ጭሰኛ ነው፤ ሳያርስ የገበረ ባለቤት ነው። የሠርካለም አባት ያረፉት ከራስጌያቸው የግብር ደረሰኝ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠው ነው። ሥርዓቱ ቢቀየርም፣ መሬቱ ቢደለደልም፣ ደረሰኝ ያለው ሰው አሁንም ፊቱ አይጠቁርም። ሠርካለም ይህን ታውቃለች፤ ወንድሟ እዚያ ተቀምጦ ያወራው ሁሉ በአገሩ ሕግ እውነት ነበር።

ጠላውን አቀረበች። ቢሆነኝ ቀና ብሎ አላያትም። እሷም አላየችው። «ጨው አልቆብኛል፤ ደርሼ ልምጣ» ብላ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ጨው አላለቀባትም፤ ሙሉ ቅል ጨው ነበራት።

ሠርካለም የጽላሬ ማርና ሰም አክሲዮን ማኅበር ሠራተኛ ናት። ድርጅቱ ከተቋቋመ ጀምሮ ማር ታጣራለች፤ ከየቀበሌው በጀሪካን የሚመጣውን ነጭ ማር ከሰሙና ከሞተው ንብ ትለያለች። ስድስት መቶ አርባ ብር ይከፈላታል። ባሏን ከፈታች ቆይታለች፤ እግዜር ልጅ አልሰጣትም። የግል ድርጅት ደግሞ ጡረታ የለውም፤ እጅሽ ሲዝል ደህና ሁኚ ነው። ስለዚህ በ1999 ግንቦት ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ እናንተም ባለቤቶች ናችሁ» ሲልና ለነባር ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የአምስት ሺህ ብር አክሲዮን በነፃ እንደሚሰጥ ሲናገር፣ እልል ብላ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኻለች። በዚያ ሌሊት ስለ እርጅናዋ ሳትጨነቅ ተኛች። ከሳምንት በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። ነፃ ያሉት አክሲዮን እንደ ደመወዝ ይቆጠራል፤ በዚያ ወር አምስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ብር እንዳገኘች ተቆጥሮ ግብር ይከፈልበታል፤ ግብሩም ከሁለት ወር ደመወዟ ይበልጣል። ያልከፈለ አክሲዮኑ ይመለሳል። ዘበኛው ካሤ «የሰጡኝን ወስደው ደመወዜን ይተዉልኝ፤ ያልበላሁትን የሚያስገሳኝ ስጦታ አልፈልግም» ብሎ ያኔውኑ ፈርሞ መለሰ። ብዙዎች ተከተሉት። ሠርካለምም ልትመልስ ወስና ነበር።

ያኔ ነው ቢሆነኝ በሰኔ ዝናብ ጭቃ በጭቃ ሆኖ የመጣው። ነገሩን ስትነግረው ተቆጣ። «ግብር ፈርቶ ርስት የለቀቀ ከኛ ዘር ማን አለ? አባታችን በድርቁ ዘመን እንኳ ግብሩን አላቋረጠም» አላት። ሄዶ ተመልሶ መጣ፤ ገንዘቡን ይዞ። ቢሮ ድረስ አብሯት ገባ፤ በእጁ ቆጥሮ ከፈለ፤ ደረሰኙ ላይ ስሙ እንዲጻፍ ለመነ፤ ከዚያም አጥፎ ኪሱ ከተተው። ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው አልጠየቀችውም። ልጁ ምሳው ወልድያ ኮንስትራክሽን ላይ ስለሚሠራ እሱ ልኮለት ይሆናል ብላ አሰበች። በእነሱ ቤት ታላቅ ወንድም ገንዘብ ሲሰጥ ከየት አመጣኸው አይባልም፤ እሱም አይናገርም። እንዲህ ተከባብረው ነው ያደጉት፤ እንዲህ ተከባብረው ነው ዛሬ እዚህ የደረሱት።

የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በፍየልና በአህያ ተሞልቷል። ሠርካለም ሰው እየገፋች ነበር የምትሄደው። ሁለት ነገር ፈርታለች። አንደኛው፣ ቢሆነኝ እውነቱን ከሆነ አክሲዮኑ ሄደ፤ ስታረጅ የሚጦራት የለም። ሁለተኛው፣ ዋሽቶ ከሆነ በእንግዳ ፊት ውሸታም ልታደርገው ነው። የትኛው እንደሚከፋ መለየት አቃታት። «የገዛ ወንድሜ!» አለች ጮክ ብላ፤ አንድ ጨው የጫነ አህያ የሚነዳ ሰው ዞር ብሎ አያት።

የማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ ሶስና ከቆላ የመጣች ልጅ ናት፤ የሰቆጣን ብርድ አልለመደችውም፤ ሁልጊዜ ሁለት ሹራብ ደርባ ነው የምትሠራው። ሠርካለም ቢሮዋ በር ላይ ቆማ ነገሩን አስረዳቻት። ሶስና መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቷን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠች።

«እትዬ ሠርካለም፣ ቁጭ በይ እስቲ። ግብሩን ማንም ያምጣው ማን፣ የተከፈለው በአንቺ ስም ነው። መንግሥት የሚያውቀው አንቺን ነው፤ ማኅበሩም የሚያውቀው አንቺን ነው።»

«ደረሰኙ ላይ ያለውስ የሱ ስም?»

«ገንዘቡን ያስገባው ብዬ የጻፍኩት ስለለመነኝ ነው። ደስ ይበለው ብዬ እንጂ ምንም ማለት አይደለም። ደግሞ ቢፈልግም አይሆንለትም፤ አክሲዮኑ ለሦስት ዓመት አይሸጥም፣ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ለሠራተኛ ብቻ ነው። አንቺ ራስሽ እንኳ ልስጠው ብትዪ አትችዪም።»

ሠርካለም አሁን ቁጭ አለች። «ትርፉስ?»

«ትርፍ ሲኖር ይሰጥሻል፤ ከሱም አሥር በመቶ ለግብር ይቆረጣል።»

«ደግሞ ግብር?» አለች ሠርካለም። ግን ሳቀች። ያኔ ደስ ብሏት ነበር። እውነቱን ለመናገር ከደስታ የባሰ ነገር ነበር የተሰማት፤ ማሸነፍ። ወደ ቤቷ ስትመለስ የምትናገረውን በልቧ እየደረደረች፣ «አያ፣ ባለቤቷ እኔ ነኝ፤ ጠይቄ መጥቻለሁ» የሚለውን እያጣጣመች፣ በከብት ተራ በኩል አቋርጣ ወረደች። ያን ያህል ዓመት የከበደ ጀሪካን ያነሳች ትከሻ ነው፤ አንዴ ቀና ቢል ምን አለበት?

ከብት ተራው ጫፍ ላይ ማሬ ያዘቻት። ማሬ የቢሆነኝ ጎረቤት ናት፤ አጥሯ ከአጥሩ ይገናኛል፤ ያየችውን ሳትናገር ውላ የማታውቅ ሴት ናት። ሁለት ዶሮ በእጇ አንጠልጥላ፣ ስለ ገበያው ውድነት፣ አንድ ዶሮ በሃያ ብር ጠይቀው ስላበሳጯት ደላሎች፣ ስለ ዘንድሮው ገብስ አወራች። ከዚያ «ወንድምሽስ እንዴት ሆነ? ሽማግሌዎቹ መጡ አሉ» አለች።

«መጥተዋል። ቤቴ ናቸው።»

«እግዜር ይርዳው እንግዲህ። በሬውን ቃል ገብቶ ነበር እኮ ለነሱ። በሰኔ አውጥቶ ሲሸጠው ‘ምነው ቢሆነኝ፣ ሰው በሬ የሚገዛበት ወር እኮ ነው’ ብለን ጮህንበት። አልሰማንም። መኸር ገብቶ ቢሸጠው የት በደረሰ! በችኮላ በርካሽ ሰጠው። ዘንድሮ አንድ በሬውን ይዞ ከኔ ባል ጋር ተቀናጅቶ ነው ያረሰ፤ ያውም ተራ እየጠበቀ፤ ግማሹ ማሳ ጦም አደረ። ምን ቢቸግረው ነው? አንች ታውቂያለሽ?»

ሠርካለም አላውቅም ልትል አፏን ከፈተች። አላውቅም ማለት ግን ከዚያ በኋላ ውሸት ሆነ። ሰኔ። ጭቃው። ሄዶ ተመልሶ መምጣቱ። ያ ሁሉ ብር በእጁ ተቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ እሷ ዳር ቆማ መስኮት መስኮቱን ስታይ ነበር። «ቸኩያለሁ ማሬ» አለች። ማሬ ደግሞ ምን እንዳስከፋቻት ሳታውቅ ከነዶሮዎቿ ቆማ ቀረች።

ወደ ቤት የሚወስደው ዳገት አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ረዘመባት። ስትወጣ የያዘችው ንዴት የለም፤ ከሶስና ቢሮ የያዘችው ደስታም የለም። ባዶ ሆና ፍርሃት ብቻ ቀራት። ወንድሟ የልጁን ጎጆ መውጫ ለእሷ ግብር ከፍሏል። ለሽማግሌ የሚናገረው በሬ ስለሌለው ነው በሬውን የበላውን ነገር የራሴ ነው ያለው። እውነቱን ብትናገር፣ አባ ደጅይጥኑ በሬውን የሸጠ፣ የሰው ንብረት የኔ ነው ያለ ሰው ብለው ተነስተው ይወጣሉ፤ ምሳው ሚስቱን ያጣል፤ ቢሆነኝም ከዚያ ወዲያ በአገሩ አፉን ሞልቶ አያወራም። የሱ ነው ብትል ደግሞ፣ በጥር ለሠርጉ አምጡ ሲባል የሚመጣ ነገር የለም፤ አክሲዮኑ ከማኅበሩ ንቅንቅ አይልም። ውርደቱ ለሦስት ወር ተላለፈ እንጂ አልቀረም። ደግሞ በልቧ አንድ ጥግ፣ ይህን ሁሉ እያወቀች፣ አክሲዮኑን አልለቅም የሚል ድምፅ ነበር። ያ ድምፅ አሳፈራት፤ ግን ዝም አላለም።

ስትገባ ሦስቱም እንደተቀመጡ ናቸው። ጠላው ተጋምሷል። አባ ደጅይጥኑና ቄሱ በአገውኛ ዝቅ ብለው ያወሩ ነበር፤ ስትገባ ወደ አማርኛ ተመለሱ። ቢሆነኝ ከግድግዳው ጋዜጣ ላይ አንድ ነገር የሚያነብ መስሎ አንገቱን አዙሯል፤ ማንበብ አይችልም።

«ነይ ልጄ፣ ነይ ቁጭ በይ» አሉ አባ ደጅይጥኑ። «አንች የቤቱ ባለቤት ነሽ፤ እህቱም ነሽ፤ ከዚያ መሥሪያ ቤትም ነሽ። እኛ የአገር ቤት ሰዎች ነን፤ አክሲዮን የሚሉትን ዓይተነው አናውቅም። የምናውቀው ግብር ነው። በይ በእውነት ንገሪኝ፣ ግብሩን ማን ከፈለ?»

ከውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ቢሆነኝ ደረሰኙን ጉልበቱ ላይ ደጋግሞ ሲያጥፍና ሲዘረጋ አየች፤ ወንድሟ በእሷ ፊት ሲጨነቅ በሕይወቷ አይታው አታውቅም። የገዛ እህቱን ፈርቶ ነበር።

«እሱ ነው የከፈለ» አለች።

«እንግዲህ አለቀ» አሉ ቄስ ገብረ አማኑኤል፣ ለምርቃት መስቀላቸውን እያወጡ።

«ቆይ አባ፣ አላለቀም» አሉ አባ ደጅይጥኑ። «ያላየሁትን ነገር ነው የምቀበል። ዋስ ይጥራልኝ። ቢሆነኝ፣ ዋስህ ማነው?»

ቢሆነኝ ቀና አለ፤ በሩን አየ። ከተማው ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም። በአገሩ ቢሆን አምስት ሰው ይጠራ ነበር፤ በአገሩ ግን የበሬውን መሸጥ የማያውቅ የለም። ለካ ከገደሉ ወዲያ ለሽማግሌ ጉልበት አይመችም ያለው ለዚህ ነበር። «ዋስ... ዋስ እንኳ...» አለና አቆመ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለች ሠርካለም።

አስባበት አልነበረም፤ አፏ ቀደማት። አባ ደጅይጥኑ ቅንድባቸውን አነሱ። «ሴት ዋስ?» አሉ። ቄሱ ግን «ደመወዝተኛ ናት እኮ። በመንግሥትም ፊት ቢሆን ከሁሉ የሚታመን የደመወዝተኛ ዋስ ነው» አሉ። አባ ደጅይጥኑ ዓይናቸውን በእሷ ላይ ተከሉ። ያያት የነበረው ዓይን ዕድሜ ልኩን ከብት ሲመርጥ የኖረ ዓይን ነበር።

«ደህና። በጥር አክሲዮኑ ባይገኝስ? የዋስ ነገር ታውቂያለሽ፤ የጎደለውን የሚሞላ ዋስ ነው።»

እንደማይገኝ ታውቃለች። በዚያች ቤት ውስጥ ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። «ባይገኝ በሬ እሰጣለሁ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ምን ውስጥ እንደገባች ተረዳች። ጥር ሩቅ አይደለም። በሬ በዚያ ወቅት ሺህ ስምንት መቶም ሁለት ሺህም ይጠየቅበታል። ዕቁቡ ቢወጣላት፣ ከማኅበሩ ብትበደር፣ ሌት ሰም ለማቅለጥ ብትገባ፣ ከዚያም በላይ ምን እንደምትሸጥ አታውቅም፤ ግን በሬው ከእሷ ይወጣል፤ ከወንድሟ ደጅ ሁለተኛ አይወጣም። አክሲዮኑም ለእርጅናዋ ይቀመጣል። ቢሆነኝ አሁን ዞሮ አያት። የበሬውን ነገር ማወቋን እንደተረዳ ከዓይኑ አየች፤ ዓይኑን ቶሎ ወደ መሬት መለሰው።

«ምን ዓይነት በሬ?» አሉ አባ ደጅይጥኑ። «በሬ በሬ ብቻ አይባልም። ወይፈን ነው? ያረሰ ነው? መልኩስ? በቃል ይታሰር፤ ኋላ ከገበያ የተረፈ ከሲታ አምጥተሽ ዋስነቴ ይኸ ነው እንዳትይኝ።»

ሠርካለም ነጭ ማር ከቀይ ማር፣ የቆየ ሰም ከአዲሱ መለየት ትችላለች፤ በሬ ግን ከልጅነቷ ወዲህ ቀርባ አይታ አታውቅም። «ያው... ደህና በሬ» አለች። ቄሱ ፈገግ አሉ።

«ዳልቻ ነው» አለ ቢሆነኝ።

ሁሉም ዞረው አዩት። እሱ ግን ማንንም አያይም፤ ጋዜጣውን ነበር የሚያየው።

«ዳልቻ። ግንባሩ ቦቃ ነው። የግራ ቀንዱ ትንሽ ደፋ ያለ ነው። ከቀንበር በግራ በኩል ካልጠመዱት አይሄድም፤ በግራ ከጠመዱት ግን ጅራፍ አያሻውም፤ ስሙን መጥራት ነው። ትልሙን ሲጨርስ ራሱ ይዞራል። ልጅ ይዞት ቢወርድ ወንዝ ላይ አይገፋም፤ ልጁ ጠጥቶ እስኪነሳ ይቆማል።»

«ስሙ ማነው?» አሉ አባ ደጅይጥኑ።

ቢሆነኝ አፉን ከፈተ። ስሙ አልወጣለትም። ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበና ተሸፈነ፤ ትከሻው ብቻ ይነቃነቅ ነበር። ሠርካለም ተነስታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ለመንካት ግን አልደፈረችም። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቀሩ። አባ ደጅይጥኑ ለረጅም ጊዜ ሰውየውንና እህቱን ተራ በተራ አዩ።

«እንዲህ ያለ በሬ ይሸጣል እንዴ?» አሉ፣ ቀስ ብለው።